አዛውንቶቻችንን አልጋ ላይ አናቆያቸው

በደቡብ ጎንደር ዞን በእብናት ወረዳ ገጠር አንድ አዛውንት ቁልቁለት ላይ ተንሸራተው ወይም ሸክም ሲያነሡ ወገባቸውን ሲይዛቸው ቤቱ ወዲያው ይረባረባል። አልጋ ይነጠፋል፣ ቅቤ ይቀልጣል፣ ወጌሻ ይጠራል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች «እርስዎ አይነሡ፣ እኛ አለን» ብለው ሥራውን ሁሉ ከእጃቸው ይቀበላሉ። በፍቅርና በአክብሮት የሚደረግ ነውና ይህን መንቀፍ ይከብዳል። ሆኖም አዛውንቱን ውሎ አድሮ ከቤት የሚያስቀራቸው ብዙውን ጊዜ ያ የመጀመሪያው ጉዳት ሳይሆን ተከትሎት የመጣው የተራዘመ መተኛት ነው። አደገኛ ምልክት ያለባቸው ጥቂቶች ፈጥነው ተለይተው ወደ ሐኪም ከሄዱ፣ ለቀሩት አብዛኞቹ ዋናው ሕክምና በልክ የሚሰጥ እንቅስቃሴ ነው፤ እሱም ከመደብና ከግቢ ያለፈ መሣሪያ አይፈልግም።

የወገብ ሕመም የደጋው ገበሬ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ይገመታል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም ታማሚውን «ተኛ» ይሉት ነበር፤ ይህ ምክር የወደቀው ተፈትኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ 203 ሕሙማን ተከፍለው ግማሾቹ ሁለት ቀን፣ ግማሾቹ ሰባት ቀን እንዲተኙ ታዘዙ። ሁለት ቀን የታዘዙት ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ብዙ መተኛቱ ለሌሎቹ ያተረፈላቸው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄልሲንኪ ላይ የከተማው ሠራተኞች ሲጠኑ ደግሞ፣ ከተኙትም ሆነ የተለየ የወገብ እንቅስቃሴ ከተሰጣቸው ይልቅ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ተግባራቸውን የቀጠሉት ፈጥነው አገገሙ። «እነዚህ ጎልማሶች ናቸው፤ የሰባ ዓመት ሰው ግን ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚል ይኖራል። መልሱ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አዋላቸው። በዚህች አጭር ጊዜ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ጠፋ። ጎልማሳ የጠፋበትን ጡንቻ ቶሎ ይተካል፤ አዛውንት ግን መልሶ ማግኘቱ ይከብደዋል። እግሩ የከዳው ሰው ደግሞ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲሰበር እንደገና ይተኛል።

በዚህ ዕድሜ ወገብን የሚጎዳው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ብዙው የጡንቻና የጅማት መቀጨት ወይም የመገጣጠሚያ ማርጀት ሲሆን በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። የነርቭ መተላለፊያ ቦይ የጠበበባቸው አዛውንቶችም አሉ፤ እነዚህ ሲራመዱ እግራቸው ይከብዳል ወይም ይደነዝዛል፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ ያርፋሉ። ጎንበስ የሚያሰኘው ዳገት ይቀላቸውና ቀጥ የሚያደርገው ቁልቁለት ይከብዳቸዋል፤ በጉና ተራራ ዙሪያ ባለ አገር ይህን ምልክት ለማየት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚታለፈው ግን የሳሳ አጥንት መሰበር ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ያለፋቸው እናቶች እንስራ ሲያነሡ፣ አንዳንዴም ሲያስሉ ብቻ፣ የአከርካሪ አጥንታቸው ተጨፍልቆ ሊሰበር ይችላል። ሕመሙ ድንገተኛ ነው፤ ቀስ በቀስም ቁመታቸው ያጥራል፣ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ሰውም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ስብራት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይጠግጋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ዕረፍት ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መተኛት የሳሳውን አጥንት ይብሱን ያሳሳዋል። አንዴ የተሰበረ ሁለተኛ እንዳይሰበር አጥንትን የሚያጠነክር መድኃኒት ስላለ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መለየት ያለባቸው አሉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቀስ እያለ የሚወጣ የጀርባ ጉብታ ካለ የአከርካሪ ቲቢ፣ ካንሰር ወይም ሌላ ኢንፌክሽን መጠርጠር አለበት። የአከርካሪ ቲቢ እ.ኤ.አ. በ1779 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በዝርዝር የጻፈበት ቢሆንም ዛሬም በአገራችን አለ። ሕክምናው ነጻ ነው፣ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ ሳይዘገይ ከተጀመረም ያድናል። ሽንት እምቢ ካለ ወይም መያዝ ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየዛለ ከሄደ ነገን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ከከባድ ውድቀት በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ ነው።

ወጌሻውስ? ብዙ ሰው በእጁ ድኗል ይባላል፤ ያንን ማጣጣል አልሻም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለዘላቂ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትንና የሠለጠነ የእጅ ሕክምናን ከትምህርትና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ከሚረዱት አማራጮች ቆጥሯቸዋል። ስለዚህ ቅቤ ቀብቶ በለሆሳስ ማሸት ጉዳት የለውም። ችግሩ ሳይለዩ በጉልበት መጫኑ ላይ ነው፤ በቲቢ የተበላ ወይም የሳሳ አከርካሪ ሲጫኑት ሊሰበርና የነርቭ ገመዱን ሊጎዳ ይችላል። ይኸው መመሪያ የወገብ ቀበቶንና ወገብን በክብደት መጎተትን አይመክርም። ቀበቶ ገዝቶ ለወላጅ መላክ የተለመደ ስለሆነ ልጆች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሌላው የሚነሣው «ፎቶ ሳንነሣ እንዴት እናውቃለን?» የሚለው ነው። በሬ ወይም ጊደር ሸጦ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሄዶ ኤምአርአይ መነሣት ብዙ ቤተሰብ አስፈላጊ የሚያደርገው ወጪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፎቶ ሲመረምር፣ በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ላይ 96 በመቶ ያህል የአከርካሪ ዲስክ ማርጀት አግኝቷል። ፎቶው ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል መገኘቱ፣ አደገኛ ምልክት በሌለበት፣ የሽበትን ያህል ብቻ ይናገራል። ፎቶው የሚያስፈልገው ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ሲኖሩ ወይም ሕመሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳይቀንስ ሲቀር ነው።

ለመንቀሳቀስ ሕመሙ መርገብ አለበት፤ ፓራሲታሞል ወይም ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ለዚህ ሊረዳ ይችላል። ዲክሎፌናክን እየደጋገሙ መወጋትና መዋጥ ግን የአዛውንትን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ያባብሳል። ያለ ትእዛዝ የሚወሰድ ዴክሳሜታዞን ለጊዜው ቢያሽልም አጥንቱን ያሳሳዋል።

እንቅስቃሴው ከአልጋ መነሣት ይጀምራል። ሰውየው ወደ ጎናቸው ይዞራሉ፣ ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ እግራቸውን ወደ ታች እየለቀቁ በክንዳቸው ገፍተው ይቀመጣሉ፤ በጀርባ ተንጋሎ ብድግ ማለት ወገብን ያሳምማል። የሚረግብ ጠፍር አልጋ ከሆነ መሐሉ ጎድጎድ ስለሚል ለጊዜው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ መተኛት ይመቻል። ከዚያ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በትከሻ ስፋት አድርገው፣ ወደፊት ዘንበል ብለው በጭናቸው ኃይል ይቆሙና ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፤ በየሳምንቱ እየተጨመረ። ከዚያ በምርኩዝ እስከ ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያን መራመድ ነው። ሲጀምሩ ጥቂት ማመሙ የሚጠበቅ ነው፤ በማግስቱ ካልባሰ መቀጠል ይችላሉ። በጾም የሚደረገውን ጥልቅ ስግደት ለጊዜው ስለማቆም የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ መቋሚያ ተደግፎ መቆም ግን ጥሩ ልምምድ ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ግን ከገበሬው የሚመጣው ነው፦ «ወገቤን የሰበረው ሥራ ነው፤ እናንተ ደግሞ ተንቀሳቀስ ትላላችሁ።» እውነት አለው። ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ማረም፣ ጤፍ ማጨድ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን የውሃ ጀሪካን በጀርባ አዝሎ ዳገት መውጣት መድኃኒት አይባልም። መቀነስ ያለበት ሸክሙና ረጅሙ ጉንበሳ እንጂ እርምጃው አይደለም። ውሃውን አህያ ወይም የልጅ ልጅ ይጫነው፤ አያት ግን ዶሮ መመገብን፣ ጥጥ መፍተልን፣ ከብት መመለስን ለምን ይነጠቃሉ?

የሕክምናው ርቀትም አለ። ፊዚዮቴራፒስት በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መጓዝም ሁልጊዜ የሚቻል አልሆነም። ይህ የቤት ውስጡን ሕክምና የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። አደገኛ ምልክቶቹንና ከመደብ የመነሣቱን ልምምድ ለእነዚህ ሠራተኞች ማስተማር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የማኅበረሰብ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ የእኛው ዞን ፎገራ ነበረች፤ መታወቂያው ያላቸው ቤተሰቦች በሪፈር ሄደው ሊታከሙበት ይገባል። የዞኑ ጤና መምሪያና የዩኒቨርሲቲው መምህራን ይህን ሥልጠና ከእብናት ይጀምሩልን። ቤተሰቦችም ዛሬ ማታ የተኙትን አባት ወይም እናት ስለ ሽንታቸው፣ ስለ እግራቸው ጉልበትና ስለ ትኩሳት ይጠይቁ፤ አደገኛ ምልክት ከሌለ ነገ ጠዋት ምርኩዛቸውን ያቀብሏቸው።