የደጋ አየርና የካርቡራቶር ቀዳዳ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ሞተር ብስክሌቱ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስትበት፣ ቤንዚኑ ተበርዟል ብሎ ሻጩን ለመውቀስ አይቸኵል። ነገሩ የአየሩ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ይነድ ዘንድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። ካርቡራቶር ግን የአየሩን መሣሣት አያውቅምና ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ያፈሳል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

በካርቡራቶር ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎችን እንለይ። አንደኛው ቤንዚኑን የሚመጥነው ዋናው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው፣ ቤንዚኑ ጉሮሮው ዘንድ ሳይደርስ ጥቂት አየር አስገብቶ አረፋ የሚያደርገው ነው። ይህ የአየር ቀዳዳ ሲሰፋ የሚፈሰው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ይልቁንም ሞተሩ በኀይል በሚስብበት ጊዜ። የአሜሪካው ሆሊ ለእሽቅድምድም በሚሠራቸው አንዳንድ ካርቡራቶሮች ቀዳዳው እንደ ብሎን እየተፈታ ይለወጣል፤ ልኩም በኢንች ሺኛ ይቈጠራል። ታዲያ የኛ ሰው በሽቦ ሲጐረጕረው ስናይ እንዴት አንደንግጥ! አንዴ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም።

ለደጋው የተስተካከለ ሞተር ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎጃም ሲሻገር ደግሞ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲያያዘው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑም እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ ቆላና ደጋ ለሚመላለስ ወጣት ሹም የምንመክረው፣ ለደጋው ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ቢያስገባም የፋብሪካውን በኪሱ እንዲይዝ፣ ቁልቁለቱን ሳይጀምርም ወደ ቦታው እንዲመልሰው ነው።