ፕሮግራመር ሆኖ የሚወለድ አለ?

ኮዲንግ የጀመረ ሰው ጥቂት እንደገፋ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚል ጥርጣሬ ይይዘዋል። ጓደኛው በአንድ ምሽት የጨረሰው መልመጃ እሱን ሳምንት ሲፈጅበት ጥርጣሬው ይብሳል። ብዙዎች ትምህርቱን የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው።

«ወይ ተሰጥኦው አለህ፣ ወይ የለህም» የሚለው እምነት መምህራንም ዘንድ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰኢድ ደህናዲና ሪቻርድ ቦርናት ፕሮግራሚንግ ማን እንደሚገባው ገና ሳይማር በፈተና መለየት ይቻላል የሚል ጽሑፍ አሰራጩ። ጽሑፉ ብዙ አነጋገረ። በ2014 ግን ቦርናት ራሳቸው ሐሳባቸውን በይፋ አነሱ። በ2016 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተሰጡ የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶችን 778 የውጤት ስርጭቶች መረመረ። ተማሪ «የሚችል» እና «የማይችል» ተብሎ የሚከፈል ቢሆን ውጤቱም ሁለት ቦታ ይከማች ነበር። ከአንድ በላይ ቦታ የመከማቸት ምልክት የታየው ግን በ5.8 በመቶው ብቻ ነው።

ታዲያ ጥርጣሬው ከየት ይመጣል? የሌላውን ያለቀ ሥራ እናያለን፤ ስንቴ እንደተሳሳተ ግን አናይም። ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር ካምብሪጅ ላይ የሠሩት ሞሪስ ዊልክስ እንኳ የቀሪ ዕድሜያቸው ጥሩ ክፍል የራሳቸውን ፕሮግራም ስሕተት ሲፈልጉ እንደሚያልፍ የገባቸው በ1949 ገደማ እንደነበር ጽፈዋል።

ስለዚህ ስሕተት ማንበብን ተለማመዱ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን የስሕተት መልእክት ሲደረድርባችሁ ከመጨረሻው መስመር ጀምሩ፤ የስሕተቱ ዓይነት እዚያ ተጽፏል። «ኔምኤረር» ካለ ኮዱ የማያውቀውን ስም ጠርታችኋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የፊደል ግድፈት ነው። ቀጥሎ የመስመሩን ቁጥር ተመልከቱ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና አስኪዱት። ምክንያቱን ደብተር ላይ አስፍሩት፤ ያው ስሕተት መመለሱ አይቀርም።

ትንሽም ቢሆን ሙሉ ሥራ ጨርሱ። ለምሳሌ የዕቁብ መዝገብ ሥሩ፦ አባላቱ እነማን ናቸው፣ ማን ከፈለ፣ ዕጣው ለማን ወጣ? የፕሮግራሚንግ መሠረቶች የሆኑት ዝርዝር፣ ድግግሞሽና ቅድመ ሁኔታ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። እድገታችሁንም ከጓደኛችሁ ጋር ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ከጻፋችሁት ኮድ ጋር አስተያዩ።

ሥራው የሚያሰለቸው ሰው ቢተወው ነውር የለውም። ቶሎ አልገባኝም ብሎ የሚተው ግን ቸኩሏል።