ቴሌስኮፑስ አለ፤ የተማሪውን ቤት ኪራይ ማን ይክፈል?

ጌጃ ሰፈር ሆኖ ኮከብ መቁጠር ከባድ ነው፤ የሜክሲኮና የልደታ መብራት ሰማዩን ነጥቆናል። ወደ ሰሜን ስታዩ ግን፣ ፎቅ ካልጋረዳችሁ፣ እንጦጦ አለ። እዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሸፈኑት ደግሞ ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው።

ወሬው ሲነሳ ጓደኞቼ የሚጠይቁት ስለ ቴሌስኮፑ ነው። ስንት ያወጣል? ምን ያሳያል? እኔን ግን፣ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ በዚህ መስክ ዶክትሬቱን የሚሠራው ልጅ ከወር እስከ ወር በምን ይደርሳል?

የመንግሥትን በጀት ያየ ሰው ካፒታልና መደበኛ የሚባሉትን ያውቃቸዋል። ካፒታል ሕንፃውና ማሽኑ ነው፤ አንዴ ይከፈላል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሣል። መደበኛው ደሞዙ፣ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱ ነው። እሱ በየወሩ ይመጣል፤ ሪባን ግን የለውም። ስለዚህ ለጋሽም ሆነ ባለሥልጣን ካፒታሉን ይወዳል። የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መደበኛ ወጪ ነው። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይበላል፣ ይከራያል፣ ይታመማል፣ አንዳንዴም ያገባል።

እኛ አገር የዶክትሬት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የላከው ዩኒቨርሲቲ ደሞዙን ይከፍለዋል፤ ደሞዙ ግን የአዲስ አበባን ኪራይ አይችልም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የኮንፈረንስ ቲኬት ሁሉም በዶላር የሚታሰብ ነው። የምርምር በጀቱ በብር ባለበት ቢቆምም የመግዛት አቅሙ ግን ወርዷል።

የሚያስቆጨው ደግሞ አስትሮፊዚክስ ዛሬ ለደሃ አገር ርካሽ ከሆኑት ሳይንሶች አንዱ መሆኑ ነው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ አብዛኛው ዳታው ግን ቢበዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የመዘገበቻቸው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትም በነፃ ይወርዳሉ። ሌላው ዓለም ካፒታሉን ከፍሎልናል ማለት ነው። የሚጎድለው ያንን ዳታ አውርዶ፣ ኮድ ጽፎ፣ ተረጋግቶ የሚያስብ ሰው ነው።

«ዳቦ ሳይኖር ኮከብ?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢትአርኤስኤስ-1 ዋና ሥራዋ ሰብልን፣ ደንንና ድርቅን ከላይ ማየት ነበር። 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈጀው ፕሮጀክት 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። የሳተላይት ምስል ግን ራሱን አያነብም። ከደበዘዘ ምስል ውስጥ እውነተኛውን ምልክት ከስህተቱ መለየት የጋላክሲ ተመራማሪም፣ የሰብል ተንታኝም ሙያ ነው። ተመራቂው ነገ ባንክ ገብቶ የዳታ ባለሙያ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ባክኗል አልልም።

ጆሴሊን ቤል በርኔልን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ፑልሳር የሚባሉትን ከዋክብት ሲያገኙ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። የ1974ቱ ኖቤል ለአማካሪያቸው ተሰጠ፤ ለእሳቸው አልተሰጠም። በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲያገኙ ግን ገንዘቡን በሙሉ ዕድሉን ላላገኙ የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች መማሪያ ሰጡት። መሣሪያ አልገዙበትም። በስማቸው የተሰየመው የአውሮፓ ሜዳልያ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተሸለሙት ሚርያና ፖቪች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጥተው እዚሁ አዲስ አበባ ተማሪዎችን ያማከሩት ሳይንቲስት።

ደቡብ አፍሪካም ነገሩ ቀድሞ ገብቷታል። ሚርካት የተባለው 64 ሳህን ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተመረቀው በ2018 ነው፤ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ መስጠት የተጀመረው ግን በ2005 ነበር። ሰዉ ከቴሌስኮፑ 13 ዓመት ቀድሟል።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው እያንዳንዱ አገር ከጠቅላላ ምርቱ ቢያንስ 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውል ጠይቀዋል። ኢትዮጵያ ለ2017 ያስመዘገበችው 0.27 በመቶ ነው። ክፍተቱ በአንድ ጀምበር አይሞላም። ግን ከትንሹ መጀመር ይቻላል፦ በስሙ የሚጠራ፣ ለአራት ዓመት የማይቋረጥ፣ ከዋጋ ንረቱ ጋር የሚስተካከል የተማሪ ፈንድ። ለኮንሰርትና ለማልያ ስፖንሰር የሚሆን ባንክ ለአንድ ተማሪ ስፖንሰር መሆን አያቅተውም። ውጭ ያለው ወገናችንም ለሕንፃ ከሚያዋጣው ላይ ለሰው ቆንጠር ሊያደርግ ይችላል።

እናንተም ሌላ ቴሌስኮፕ ወይም ሳተላይት ተመረቀ ሲባል ፎቶውን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ በዚህ የሚሠሩት ተማሪዎች ስንት ናቸው፣ እስኪጨርሱስ የሚከፍልላቸው ማነው?