«ጃጁ» ከማለታችን በፊት



ለመስቀል በዓል ወደ ጋሞ ቀዬአቸው የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኞች በወላጆቻቸው ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ በዚህ ዓምድ ላሳስብ እወዳለሁ።

ሽማግሌ የሰው ስም ረስቶ ቆይቶ ቢያስታውሰው የዕድሜ ነገር ነው። ነገር ግን የተመለሰለትን ጥያቄ ወዲያው ደግሞ ከጠየቀ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ዘመኑን ሁሉ የተመላለሰበት መንገድ ከጠፋበት፣ የዶርዜ ሸማኔ ሆኖ ድሩን ማዘጋጀት ከተሳነው፣ የልጅነቱን እየተረከ የዛሬ ቁርሱን ከዘነጋ፣ ይህ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የገለጠው ደዌ ሊሆን ይችላል።

እኛ ግን «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን፤ ወይም ነውር በመጣስ የመጣ «ጎሜ» ነው እንላለን። ጉዳቱ ከዚህ ላይ ነው። የታይሮይድ እጢ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ይህንኑ መስለው ይመጣሉ፤ እነዚህ ግን በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይገኝም፣ ደዌው ቀድሞ ከታወቀ በዱቡሻ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባት የመንደር መሳቂያ አይሆንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያያችሁትን ከነቀኑ ጽፋችሁ ከሐኪም ዘንድ አድርሷቸው። «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» እያሉ መቆጣት ግን ሕመምተኛውን ከማሳዘን በቀር የሚፈይደው የለም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአርባ ምንጭ