ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ መኖሩ በቂ ነውን?

የመሥሪያ ቤት ሥራቸውን በቤታቸው ኮምፒውተር የሚያከናውኑ አንዳንድ ሠራተኞች መረጃቸውን ከጥፋት ለመጠበቅ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገጥማሉ። “ሬይድ 1” የተባለው ይህ አሠራር በአንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈውን በሌላውም ላይ ወዲያውኑ የሚደግም ሲሆን፣ አንዱ ቢበላሽ ሥራው በሌላው ይቀጥላል።

ይሁንና በስህተት የተሰረዘ ሰነድ ከሁለቱም ይጠፋል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም ሁለቱን በአንድነት ይቆልፋል። ኮምፒውተሩ ከተዘረፈማ የሚተርፍ ነገር የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በጨፋ ሸለቆ የምትገኘውን ከሚሴን ባዳረሰበት ወቅት በአማራ ክልል በርካታ መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸው ይታወሳል።

ስለሆነም ለሁለተኛው ዲስክ የሚወጣው ገንዘብ በዩኤስቢ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ቢገዛበት ይመረጣል። ዲስኩ በየሳምንቱ ቅጂ ከተወሰደበት በኋላ መነቀል ይኖርበታል፤ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱም ሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቁ ይደርስበታል።

ሌላ ቅጂ ከከተማው ውጭ ማስቀመጥም ያስፈልጋል። ደሴና ኮምቦልቻ ለከሚሴ ነዋሪ ቅርብ ቢሆኑም በዚያው ጦርነት አብረው በመያዛቸው፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ቤት የተሻለ ነው። ሰነዱ የመንግሥት ከሆነ ግን አስቀድሞ የኃላፊ ፈቃድ ማግኘትና ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ ግድ ይላል።

ቅጂው አልፎ አልፎ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ሊታይ ይገባል። በተለይ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ ደብዳቤዎች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስለማይነበቡ፣ የፊደሉ ፋይል አብሮ መቀመጥ አለበት።