ጥሎ የሚለቅመው ኩላሊት

ኩላሊት የደምን ቆሻሻ ጠራጊ ተብሎ ይታወቃል። በማይክሮስኮፕ ላየው ሰው ግን ጊዜውንም ጉልበቱንም የሚፈጀው ሥራ መልቀም ነው። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ የከተማው መኪና የሚረባውንም የማይረባውንም አንድ ላይ ይገለብጣል፤ ለቃሚዎች ከክምሩ ሃይላንዱን፣ ብረቱንና ጠርሙሱን እየለዩ ያወጣሉ። ኩላሊትም መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ከዚያ ይለቅማል።

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። የኔፍሮን መነሻ ግሎሜሩለስ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ስፋት ያለው የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅልል። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል፤ ጥቅልሉ ውስጥም ግፊቱ ከፍተኛ ነው። በዚህ ግፊት ፈሳሹ ሦስት ሽፋን አልፎ ይወጣል፦ ቀዳዳ የበዛበትን የደም ሥሩን ግድግዳ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ስስ ሽፋን፣ በመጨረሻም ፖዶሳይት የተባሉትን ሕዋሳት። ፖዶሳይቶች እግሮቻቸውን እንደተቆላለፈ ጣት አጠላልፈው ደም ሥሩን ያቅፋሉ። በእግሮቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳርና ዩሪያ የተባለውን ቆሻሻ ያሳልፋል፤ የደም ሕዋሳትንና አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ያስቀራል።

እንዲህ በቀን 180 ሊትር ያህል ይጣራል። የአዋቂ ሰው ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ግን 3 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚመልሰው ባይኖር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለቀ ነበር። መላሹ ከግሎሜሩለሱ የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ቱቦ ነው። የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ሕዋሳት ወደ ቱቦው ውስጥ በዞረው፣ እንደ ብሩሽ ጸጉር ባለው ገጻቸው የውሃውንና የጨውን ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ በጤነኛ ሰው ደግሞ ስኳሩን ሁሉ ለደም ይመልሳሉ። ለዚህ ብዙ ጉልበት ስለሚያስፈልጋቸው ጉልበት በሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የተሞሉ ናቸው። ቀጥሎ ያለው የሄንሌ ቀለበት ወደ ኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ወርዶ ይመለሳል፤ አካባቢውን ጨዋማ ያደርገዋል። ውሃ ሲጠማን ከአንጎል የሚመጣ ሆርሞን የመጨረሻውን ቱቦ ውሃ አሳላፊ ያደርገውና ጨዋማው አካባቢ ውሃውን ይስበዋል። ከ180 ሊትሩ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ያህል ነው።

ለቃሚው ቱቦ ግን መርዝንም ይለቅማል። በአንዳንድ ባትሪዎች ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ሕዋሳቱ ያስገቡታል፤ እዚያው ከአሥር ዓመት በላይ ሊቀመጥና ሊጎዳቸው ይችላል። ያለቀ ባትሪ ከሌላው ቆሻሻ መለየት ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከተወለድን በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም። ጥቂቱ ሲሞት የቀረው ሥራውን ደርቦ ስለሚይዝ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ የሚቀረው የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ጉዳቱን የሚያሳብቀው በስንጥቁ ሾልኮ ሽንት ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ምንም ሳያመው በየዓመቱ ሽንቱንና ደሙን ቢያስመረምር፣ የቀሩትን ኔፍሮኖች ለማዳን ጊዜ ያገኛል።