ከሱቅ ያልመጣ መርዝ

ከጊንጪ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመረሬ ማሳ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በሽምብራ ምክንያት ከተጣሉ ብዙ ክረምት ቢያልፍም፣ እኔ ግን ነገሩን ከኅሊናዬ አውጥቼ ለመጣል እስከ ዛሬ አልቻልሁም። ባለ ማሳዪቱ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ በመስከረም የዘሩት ሽምብራ በማሳው አንድ ወገን እምብዛም ሳይበቅል፣ የበቀለውም ቀጭጮ ስለ ቀረባቸው፣ በዚያው ሰሞን ከድንበር ማዶ ጤፉ ላይ ቱፎርዲ የተባለውን የአረም ማጥፊያ የረጨውን ጎረቤታቸውን ከሰሱት። በአካባቢው ልማድ ጃርሳ ቢያ የሚባሉት ሽማግሌዎችም ከሾላው ሥር ተቀምጠው ግራ ቀኙን ከሰሙ በኋላ፣ ሰውየው ሁለት ኩንታል ሽምብራ እንዲክስ በየኑ፤ እርሱም ሳይወድ ካሰ። እኔ የተጠራሁት ለሚመጣው ዓመት ምን ቢዘሩ እንደሚሻላቸው ላማክራቸው ሲሆን፣ ብያኔውም አልፎ፣ ካሳውም ተሰፍሮ ነበር።

ቱፎርዲ ያገኘው ሽምብራ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ጉዳቱም ከተረጨበት ድንበር ጀምሮ ነፋሱ በነፈሰበት አቅጣጫ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ማሳ ላይ ግን አንድም የተጠማዘዘ ግንድ አላየሁም፤ ጉዳቱም የጠናው በጎረቤቱ ድንበር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው፣ የሴትዮዋ የራሳቸው ቀይ ባሕር ዛፍ በተደረደረበት ወገን ነበር። አንድ ቡቃያ ነቅዬ ብመለከት ሥሩ ከጥፍር የማይረዝም፣ ጫፉም እሳት እንደ ነካው ክር የጠቆረ ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቃቸው፣ በክረምቱ አንድ ወጣት መካሪ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ይሆንዎታል» ብሎ ስለ ነገራቸው፣ ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠል በጆንያ እየሞሉ በትልሙ ውስጥ እንደ ቀበሩት ነገሩኝ።

ያንኑ ቅጠል አምቦ ወስጄ፣ አንድ እፍኙን በአንድ ሊትር ውኃ አሳድሬ፣ ውኃው የሻይ መልክ ሲይዝ በሁለት ሳሕን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ ሠላሳ ሠላሳ የሽምብራ ፍሬ ዘራሁ፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛውን በቅጠሉ ውኃ አጠጣሁ። በአራተኛው ቀን በንጹሑ ውኃ ያለው ነጭ ሥሩን እንደ ጣት አንጓ ሲያስረዝም፣ በሁለተኛው ሳሕን ያለው ግን አብዛኛው ሳይሰነጠቅ ቀረ፤ የተሰነጠቀውም ያችኑ የጠቆረች ጫፍ አሳየኝ። የሳሕን ምስክርነት የማሳ ምስክርነት እንዳይደለ አውቃለሁ፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ደቂቅ ሕያዋን እንዲህ ያለውን ንጥረ ነገር ይሰባብሩታል፣ ዝናብም ያጥበዋል፤ ባሕር ዛፍም ውኃውን በመምጠጥና ጥላውን በመጣል ብቻ ሰብልን ያቀጭጫል። ነገር ግን ቅጠሉ በትልሙ ውስጥ ከዘሩ ጋራ አብሮ ተቀብሮ ሳለ፣ የጎረቤቱ ቱፎርዲ ምልክት ደግሞ ፈጽሞ ሳይገኝ፣ ፍርዱ በማን ላይ ሊሆን ይገባው እንደ ነበር ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም።

ሳሕኖቹን ይዤ ተመልሼ ባሳያቸው እኒያ እናት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዛፍ እንዴት መርዝ ይሆናል? እግዜር የፈጠረው አይደለም ወይ? መርዝስ ከሱቅ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም የታረቀ ነገር እንደ ገና አይቆፈርም ብለው አሰናበቱኝ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞችም እስከማውቀው ድረስ ሰላምታ አይለዋወጡም።

ይህን ቃል ከአንዲት ፊደል ካልቆጠሩ እናት ብቻ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ባልከበደኝ፤ ነገር ግን ከሆለታ እስከ ባኮ በተዘዋወርሁበት ሁሉ፣ ከተማሪ፣ ከመምህር፣ ከሹም፣ ከነጋዴ አፍ ያንኑ እሰማለሁ። «የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም፤ ኬሚካል ነውና መርዝ ነው» የሚለው ይህ አከፋፈል ለጆሮ የሚጥም፣ ለልብም የሚቀል ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱም ወገን ስሕተት ነው፤ እኔም በሙያዬ ዘመን ከተባይና ከአረም ይልቅ ከዚህ አሳብ ጋራ ስታገል ኖሬአለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዕፅ እግር የለውምና ከጠላቱ አይሸሽም፤ ብዙው የጦር መሣሪያው በጭማቂው ውስጥ ነው። አንዱ ተክል በሚያመነጨው ንጥረ ነገር የሌላውን ዕድገት እንደሚያግድ ወይም እንደሚረዳ የሚያጠናውን ዘርፍ አውስትርያዊው ሐንስ ሞሊሽ እ.ኤ.አ. በ1937 «አሌሎፓቲ» ብሎ ሰየመው እንጂ፣ ነገሩስ ከሥነ ፍጥረት ጋራ የኖረ ነው። የአገራችን ቡና ከሥሩ በሚያረግፈው ቅጠልና ፍሬ ውስጥ ያለው ካፌይን የሌላውን ዘር ቡቃያ ያዳክማል፤ ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣውን አስክሮ ወደ ላይ እንደሚያወጣው አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለ ባሕር ዛፍም ቢሆን ልሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚኬልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት የፈረንጅ ጥድንና የሦስት ዓይነት ባሕር ዛፎችን የቅጠል ጭማቂ በሽምብራ፣ በበቆሎ፣ በአተርና በጤፍ ላይ ፈትነው፣ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ሽምብራና ጤፍ፣ ከዛፎቹም እጅግ የከፋው ቀይ ባሕር ዛፍ መሆኑን፣ በደጋው የለመድነው ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ጉዳቱ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ስናገር ባሕር ዛፍን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ከደረሱ በኋላ አዲስ አበባን በስፍራዋ ያጸናት ይኸው ዛፍ ነው፤ ዛሬም በምዕራብ ሸዋ የገበሬው የልጅ መዳሪያና የቤት መሥሪያ እርሱ ነው። ዛፉ በጎ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ በሽምብራ ትልም ውስጥ ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም።

ወደ ሌላው ወገን ብንመለስ ደግሞ፣ «ኬሚካል» ብለን የምንሸሸው ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ደቀ መዝሙር ነው። ቱፎርዲ ራሱ ዕፅ ሁሉ ለማደግ በገዛ አካሉ የሚያመነጨውን ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ በጥቂቱ ሲሆን የሚያሳድገው ሲበዛ ያንኑ ተክል አጠማዝዞ ይገድለዋል። በየግቢያችን ለጌጥ የምንተክለው፣ ቀይ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለው ዛፍም፣ ከሥሩ አረም እንደማይበቅል አንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ስላስተዋለ፣ ከጭማቂው የተገኘው ንጥረ ነገር መነሻ ሆኖ ሜሶትሪዮን የተባለው የበቆሎ አረም ማጥፊያ ተሠርቷል። እንግዲህ ይህ ከሱቅ የመጣ ነው ወይስ ከእግዜር?

ተፈጥሮን አሞግሰን ሳይሆን መርምረን ብንይዛት ምን እንደምታፈራ ሊያስተምረን የሚገባው የወሎንኮሚው ልጅ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ ነው። የማሽላ ጠላት የሆነው የአቀንጭራ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ኖሮ የሚነቃው፣ የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ስትሪጎላክቶን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲያሸት ነው፤ ይህ እጅግ ጥቂት የሆነ ጭማቂ ለማሽላው ጠላቱን የሚጠራ ድምፅ ሆነበት። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በጥቂቱ የሚሰጡ ማሽላዎችን መርጠው በማዳቀል አቀንጭራን የሚቋቋም ዝርያ አወጡ፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። እርሳቸው የጠየቁት «ይህ ተፈጥሮ ነው ወይስ ኬሚካል?» ብለው አልነበረም፤ ምን ንጥረ ነገር፣ ስንት መጠን፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ጊዜ ብለው ነው እንጂ።

ቅንጬ አረም የሚባለው ፓርቴኒየምም ከማንም ሱቅ ሳይገዛ ማሳችንን የወረረ ነው፤ ከቅጠሉ የወጣ አሥር በመቶ ጭማቂ የጤፍን ዘር ፈጽሞ እንዳይበቅል እንደሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአገራችን ጥናት መስክሯል። በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ማዕከል ይህን አረም የሚበሉ ነፍሳት በዝግ ቤት ተይዘው ኑግንና ጤፍን የመሳሰሉ አዝርዕት እንደማይነኩ እስኪረጋገጥ ድረስ መፈተናቸው፣ ተፈጥሮን በተፈጥሮነቷ ብቻ ማመን እንደማይገባ ለሚያስተውል በቂ ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ ማለቴ ለመርጫ ነጋዴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ቀትር ላይ በነፋስ የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ኑግና ባቄላ ያጠፋል፤ በአቃቂ ወንዝ በሚጠጡ ማሳዎች ላይ የበቀለውም ጎመን ክሮምና ካድሚየም ተሸክሞ ሳለ ለምለም ሆኖ ለዓይን ሊያምር ይችላል። ብክለት እውነት ነው፤ እውነት ስለ ሆነም ነው በውሸት ክስ እንዳይረክስ የምከራከረው። ጥፋት በሌለበት ሁሉ ቱፎርዲን የሚከስ አገር፣ ቱፎርዲ በእውነት ያጠፋ ዕለት የሚያምነው አያገኝም።

አማርኛችን ራሱ ከእኛ ይልቅ ጠቢብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ገበሬው የአረም ማጥፊያውን «መድኃኒት» ይለዋል፤ በክፋት የተመረዘውንም ሰው «መድኃኒት አጠጡት» እንላለን። ከድኅነት የወጣው ይህ ቅዱስ ቃል ማዳንንም መግደልንም በአንድነት የተሸከመው፣ የአንድ ነገር ጠባይዕ በመጠኑና በአገባቡ እንደሚለወጥ የቀደሙት ስላወቁ ይመስለኛል።

በየቀበሌው ለምትቀመጡ ጃርሳ ቢያና ሽማግሌዎች አንድ ልመና አለኝ፤ ሰብል ጠፋ ተብሎ ጉዳይ ሲቀርብላችሁ፣ ከሾላው ሥር ከመቀመጣችሁ በፊት ወደ ማሳው ውረዱ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደ ነፈሰ ጠይቁ፣ ዛፉ ከትልሙ ስንት ርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ፣ አንድ ቡቃያም ከነሥሩ ንቀሉና ጫፉን ተመልከቱ። የመጣው ከሱቅ ይሁን ከጓሮ ሥሩ ይናገራል፤ ካሳውም ከዚያ በኋላ ይሰፈር።